አሥራ አራት ደቂቃ

ቤት ውስጥ አይናገርም አባቴ ማሳምባ፤
ከስፌቱ ውሎ ደጃፉን ሲገባ
መርፌ የነከሰ ይመስላል ከንፈሩ።
«ጨው አንሶታል»፣ «መብራት አጥፊ» ነው ነገሩ፣
ከዚያ ይተኛል።

እኔ የማውቀው ሰው ፔጆው ውስጥ ነበረ፤
ከሩፊስክ ወደ ዳካር መንገድ እየታጠረ
መኪና ለመኪና ጭራና አፍንጫ ሲነካካ፣
ሞተር አጥፍቶ ነው አባቴ የሚያወራው ለካ።

ሁለት ሰዓት ሙሉ።
ከፊታችን ሲሚንቶ፣ ከኋላችን የበግ ጭነት፣
ኦቾሎኒ፣ ቀዝቃዛ ውሃ፣ የስልክ ገመድ በመስኮት፣
አንዴማ ሰው የሚያህል መስታወት ያዘለ ሻጭ አየሁ፤
እኔና አባቴ ነበርን ውስጡ፣ ስንስቅ።
እንደምንስቅ ያኔ አወቅሁ።

ያን መንገድ ሾፌሩ ይረግመዋል፣ ሐኪሙ ይረግመዋል፣
ዓሣ ነጋዴዋ በረዶው ቀልጦባት ፊቷ ይጠቁራል።
እኔ ግን፣ ይቅር በሉኝ፣ ቻሮይ ጋ ስንደርስ
እጸልይ ነበር መንገዱ እንዳይፈታ፣ ወሬውን እስኪጨርስ።

በሰባት ማባዛትን በቁልፍ ጥልፍ አስተማረኝ።
ለሚጠላው ሰው የሙሽራ ልብስ እንደሰፋ ነገረኝ፣
አንዱን እጅጌ በጣት አሳጥሮ፣ ሆን ብሎ፤
«አላህ ይቅር ይበለኝ» አለ፣ ከሳቁ ጋር ታግሎ።
ቀጥሎ የወንድሙን ጀመረ፣
ንዲያጋ በታንኳ የሄደባትን ሌሊት።
«ባሕሩ ዳር ደረስሁ» አለ፣ «ጨለማ ነበር፣ እጄ ላይ...»
መንገዱ ተከፈተ፣ ወሬው ለነገ አደረ።

ነገ ግን ቢጫ ማሽን ይዞ መጣ።
የነኩምባ ግንብ ላይ ቁጥር ተጻፈ፣ በቀይ ቀለም፤
በሳምንቱ ቤቱም ቁጥሩም የለም።
ዓመት ዞረና ክፍያ ያለበት አዲስ አውራ ጎዳና ተዘረጋ።

በተመረቀ ቀን አባቴ ነጭ ቡቡ ለበሰ፣
ፔጆውን አጠበ፣ ጎማውን ሳይቀር አበሰ፣
ሳንቲም ቆጥሮ ለልጅቷ በመስኮት አቀበላት፤
ደረሰኟን እንደ ክታብ ደረት ኪሱ ከተታት።
ዘንጉ ተነሣ።
መንገዱ የተተኮሰ ጨርቅ፣ መጨማደድ የሌለው፤
ነፋሱ በመስኮት ገብቶ የሚያወራውን ነጠቀው።
«ንጎኔ፣ ያን ሌሊት ንዲያጋ...» ብሎ ሲጀምር
አሥራ አራት ደቂቃ። ደረስን የትምህርት ቤቱ በር።

በማግስቱም እንዲሁ። በማግስቱም።
ክፍያው የሁለት ሱሪ ጠርዝ ዋጋ ነው፤ አላጉረመረመም።
«ጊዜ ገዛሁ» ይላል ለጎረቤት፤ እውነቱን ነው፤
የገዛውን ጊዜ ግን ሲሰፋበት ነው የማየው።

ልረግመው ብል አልችልም።
ምላሱ ሲተሳሰር፣ ግማሽ ፊቱ ሲወድቅ፣
በዚሁ አስፋልት ነው አምቡላንሱ የሮጠ፣ ሌሊቱን ሲሰነጥቅ።
«ሃያ ደቂቃ ብትዘገዩ ኖሮ» አለ ሐኪሙ፣ ቀሪውን ዋጠ፤
አባቴ ተረፈ። ቃሉ ግን እንደ ክር ተቋረጠ።
ከፈልሁ፤ መንገዱ አባቴን በሕይወት አሳለፈልኝ፣
የንዲያጋን ነገር ግን፣ መልሴን፣ አስቀረብኝ።

አሁን እሁድ እሁድ የምነዳው እኔ ነኝ።
መገንጠያው ጋ ስደርስ ወደ አሮጌው እታጠፋለሁ።
ዛሬም እዚያ ይቆማል፣ መክፈል ያቃተው ሁሉ፤
የከባድ መኪና ጭስ፣ ኦቾሎኒ ሻጮች፣ እንዳሉ አሉ።
ሞተር አጠፋለሁ። መስኮት እከፍታለሁ።
እጠብቃለሁ።

ባለፈው እሁድ ደረት ኪሱን ዳበሰ፣
ያችን የመጀመሪያዋን ደረሰኝ አወጣ፤ ቀለሟ ጠፍቶ ነጭ ሆናለች።
ጉልበቱ ላይ አስደግፎ በደኅናው እጁ አጠፋት፣
ደግሞ አጠፋት፣ በጥፍሩ ጠርዟን ሰፋት፣
ታንኳ ሆነች።
አፍንጫዋን ወደ ባሕሩ አዙሮ ከመስታወቱ ሥር አኖራት፤
ቀጥሎ አየኝ፣ የኔ ተራ የሆነ ይመስል።

ከፊታችን ያለው የሲሚንቶ መኪና ተንቀሳቀሰ።
ከኋላ ጥሩንባው ቀለጠ።
ቁልፉን አልነካሁም።